ጨረታው ውስጥ አንድ መስመር የነበረው ሥራ

«አሸናፊው ድርጅት ነባር መረጃዎችን ወደ አዲሱ ሲስተም ያዛውራል።»

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከጥቂት ዓመታት በፊት ድርጅታችን ለአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም ለመሥራት በተወዳደረበት የጨረታ ሰነድ ውስጥ ነበረች። ስለ ዳታው የተጻፈው እሷ ብቻ ናት። ሰነዱ ከ60 ገጽ በላይ ነው። ስለ ጨረታ ማስከበሪያው ብቻ ሁለት ገጽ አለው፤ ሲፒኦ ይሁን የባንክ ዋስትና፣ ስንት ቀን ይጸናል፣ በማን ስም ይሠራል፣ ሁሉም በዝርዝር ተቀምጧል። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቫት ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ቴክኒካልና ፋይናንሺያል ለየብቻ በታሸገ ፖስታ፣ ኦርጅናልና ኮፒ ተብሎ። አዲሱ ሲስተም ስንት ዓይነት ሪፖርት እንደሚያወጣ፣ በሚያትመው ደብዳቤ ላይ አርማው የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ተጽፏል። መሥሪያ ቤቱ 20 ዓመት ገደማ ላጠራቀመው መዝገብ ግን አንድ መስመር ደረሰው።

ያቺ መስመር ሰባት ወር በላች።

ይህን አሁን የማነሳው በምክንያት ነው። ሰሞኑን አንድ የግዥ ቡድን ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬ ደወለና «እኛም ሲስተማችንን ልንቀይር ነው፣ እስቲ ቲኦአሩን፣ የሥራ ዝርዝር ሰነዱን፣ አንዴ እይልኝ» አለኝ። ከፈትኩት። ያቺው መስመር አለች፣ ቃሏ እንኳን አልተቀየረም። ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው እየተገለበጠች እንደምትዞር ያኔ ገባኝ። እሱን አንድ ሰዓት ያህል በስልክ አወራሁት። ከዚያ ይሄን ነገር ጽፌ ባስቀምጠው የሚጠቅመው ሌላም ሰው ይኖራል ብዬ አሰብኩ። በተለይ ጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ለናንተ ነው።

መጀመሪያ የነበረውን ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ መዝገብ ነው። ማን መቼ ተወለደ፣ መቼ ተቀጠረ፣ ደረጃው ስንት ነው፣ መቼ ጡረታ ይወጣል፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሲስተሙ በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተጻፈ ነው። ማይክሮሶፍት ለዚያ መሣሪያ ድጋፍ መስጠት ያቆመው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። የሠራው ልጅ ውጭ ሀገር ከሄደ ቆይቷል፣ የኮዱ ምንጭ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ያለን ነገር የሚሠራው ፕሮግራምና ከኋላው ያለው ዳታቤዝ ነው። ሰዎቹ ታዲያ ሰነፍ አልነበሩም። በዚያ ሲስተም በየወሩ ሥራቸውን ሠርተዋል፣ ሰው በጊዜው ጡረታ አስወጥተዋል፣ ደብዳቤ አትመዋል። አሮጌ ሲስተም የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ያስጠላል ግን ይሠራል፤ ያኔ ታማኝነቱ የሚታወቀው ልትነካው ስትሞክር ነው።

የመጀመሪያው ግድግዳ ፊደሉ ነበር።

ሲስተሙ የተሠራው ኮምፒዩተር አማርኛን በራሱ በማያውቅበት ጊዜ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የአማርኛ ፎንት አብሮት የመጣው ቪስታ በሚባለው ዕትሙ ጊዜ ነው፣ ፎንቱም ኒያላ ይባላል። ከዚያ በፊት ሁላችንም የጻፍነው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነበር። እነዚህ ፎንቶች ያን ሁሉ ዓመት ሀገር አጽፈዋል፣ ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል። አሠራራቸው ግን እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ነው፣ ፎንቱ ያን ምልክት በአማርኛ ፊደል ሥዕል ይሸፍነዋል። ፎንቱን ስታነሱት የሰውየው ስም የተበተነ ምልክት ይሆናል። ፎንቱን በሌላ ፎንት ስትተኩት ደግሞ ያው ምልክት ሌላ ፊደል ሆኖ ይወጣል።

እኛ የተረከብነው መዝገብ ውስጥ በየዘመኑ ሦስት ፎንት ተጽፎበታል። የትኛው ሰው በየትኛው ፎንት እንደገባ የሚናገር ምንም ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም በሦስቱም እየፈታን የሚያነበው የትኛው ነው ብለን መፈተሽ ነበረብን። በአንዱ ሲፈታ «አልማዝ» ከወጣ፣ በሌላው ትርጉም የሌለው ነገር ከወጣ፣ እሺ ይሄ የመጀመሪያው ነው እንላለን። አብዛኛው በዚህ ተለየ። ያልተለየውን በዓይን አየነው፣ አንድ በአንድ፣ ከወረቀት ፋይሉ ጋር እያመሳከርን።

ሁለተኛው ቀኑ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ተጽፎ አይቼው አላውቅም።

ዳታቤዙ ውስጥ የቀን ኮለም የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹ የሚያስገቡት ግን የኛን ቀን ነው። 12/05/1975 ብለው ሲጽፉ ጥር 12 ማለታቸው ነው። ኮምፒዩተሩ ሜይ 12 ነው ብሎ ይቀበላል፣ እስከዚህ ማንም አይጎዳም። ችግሩ ሁለተኛው ወር ላይ ነው። ጥቅምት 30 ቀን አለው፣ ፌብሩዋሪ የለውም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ጥቅምት 30ን አልቀበልም ይላል፤ ጥቅምት 29ንም በአራት ዓመት አንዴ ካልሆነ አይቀበልም። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም፣ 13ኛ ወር የለውም። እንግዲህ ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? ፊቷ ሰው ቆሟል፣ ሲስተሙ በቀይ ይጮኻል። ጥቅምት 28 ብላ ታልፋለች። ጳጉሜንን ነሐሴ 30 ታደርጋታለች። ስንቆጥረው በጥቅምት 28 የተቀጠሩት ሰዎች በጥቅምት 27 ከተቀጠሩት ሦስት እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። ሦስት ቀን አንድ ቀን ላይ ተደርቧል። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ አንድም የለም።

ይሄ በቀን የሚቆጠር ስህተት ስለሆነ ይሁን እንበል። የከፋው ዓመቱ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ከፓስፖርት ወይም ከውጭ ሀገር ዲግሪ ላይ ሲገለብጥ የፈረንጁን ቀን እንዳለ አስገብቶታል። ስለዚህ እዚያው ኮለም ውስጥ አንዱ 1963 የኛ ነው፣ አጠገቡ ያለው 1963 የፈረንጅ ነው። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። እኛ የትኛው የማን እንደሆነ የሚለይ ፕሮግራም ጻፍን፣ በደንብ የሚሠራ መሰለን፣ በኮፒው ላይ ሞከርነው። ሲስተሙ በዚያ ዓመት 60 የሞላቸውን ሰዎች ለይቶ የጡረታ ደብዳቤ አዘጋጀ። ደብዳቤ ከወጣላቸው ሰዎች አንዷ እዚያው ክፍል ውስጥ አብራን የተቀመጠች ሠራተኛ ናት። 52 ዓመቷ ነው። ደብዳቤውን አንስታ አነበበችው፣ ዝም አለች። ማንም አልሳቀም። ሙከራ ባይሆን ኖሮ ያ ደብዳቤ ማህተም ተመቶበት ይወጣ ነበር፣ ደመወዟ ይቆም ነበር፣ ከዚያ ገና 52 ዓመቴ ነው ብላ ማስረጃ ይዛ በየቢሮው የምትዞረው እሷ ናት።

ሦስተኛው ስም ነው። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ወልደ ሥላሴ» ተለያይቶ ይጻፋል፣ «ወልደሥላሴ» ተያይዞ ይጻፋል፣ «ወ/ሥላሴ» ይባላል፣ «ወ/ስላሴ» ይባላል። ኃይሉ በአራት ዓይነት ሀ ይጻፋል። ፀሐይን እስቲ ቁጠሩት። ለሰው ሁሉም አንድ ነው፣ ለኮምፒዩተር ሁሉም ሌላ ሰው ነው። በመዝገቡ ውስጥ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ አግኝተናል፤ ሲቀጠር አንድ፣ ተዛውሮ ሲመለስ አንድ፣ ስሙን በፍርድ ቤት ሲያስተካክል አንድ። እንግዲህ ሦስቱን አንድ ላድርጋቸው ስትሉ ደግሞ በእውነት የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎችን አንድ እንዳታደርጉ ትፈራላችሁ። እኛ ሀገር የቤተሰብ ስም የለም፣ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ አበበ ከበደ የሚባል ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ቢኖር አይገርምም።

አሁን እትዬን ላምጣቸው።

ስማቸውን አልጠራም፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። መዝገብ ቤት ውስጥ ከ25 ዓመት በላይ ሠርተዋል። ውሉ ውስጥ የሉም። የፕሮጀክት ኮሚቴው ውስጥ የሉም። እኛም ያገኘናቸው በአጋጣሚ ነው፣ ሥራው ከተጀመረ ሁለት ወር አልፎት። የጾታ ኮለም ውስጥ 1፣ 2 እና 3 የሚል ቁጥር አለ። 1 ወንድ፣ 2 ሴት። 3 ምንድን ነው? የአይቲ ክፍሉ አላወቀም። የሰው ሀብት ኃላፊው አላወቁም፣ ስህተት ይሆናል አጥፉት አሉን። ልናጠፋው ነበር። አንዱ ልጅ የወረቀት ፋይል ሊጠይቅ መዝገብ ቤት ሲወርድ እግረ መንገዱን ጠየቃቸው።

«ልጄ» አሉት፣ «ሦስት ያልነው ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ነው። የምንጽፍበት ቦታ አልነበረንም፣ ጾታው ላይ አደረግነው። እንዳትነኩት።»

ደረጃ የሚለው ኮለም ውስጥ ያለው 99፣ የትምህርት ማስረጃው እየተጣራ ያለ ሰው ማለት ነው። ከስሙ ፊት ነጥብ ያለበት፣ የሞተና ቤተሰቡ ጡረታ የሚቀበል። ይሄ ሁሉ የትም አልተጻፈም። እሳቸው ራስ ውስጥ ነው ያለው። ለመውጣት የቀራቸው አምስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት አንድ ሰው ከሳቸው ጋር እየተቀመጠ እየጠየቀ ይጽፍ ነበር። አበል አልተከፈላቸውም፣ ምክንያቱም ለሳቸው የሚሆን የክፍያ ርዕስ የለም። ለዚያ ፕሮጀክት ከተገዛው ሁሉ ዋጋ ያለው የሳቸው እውቀት ነበር፤ የተገኘውም ሰውየዋ ደግ ስለሆኑ ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካናዳ ውስጥ ስለሆነው ነገር ሳነብ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት 40 ዓመት ያገለገለ የደመወዝ ሲስተም ነበረው፣ እሱን ሊቀይር በ2009 እ.ኤ.አ. ተነሳ። አዲሱ ፊኒክስ ይባላል። ለግንባታው የጸደቀው በጀት 155 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነው። ሥራውን የያዘው አይቢኤም ዝርዝሩን ካጠና በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ 274 ሚሊዮን ይፈጃል አለ። እዚህ ላይ ኃላፊዎቹ ተጨማሪ በጀት ከመጠየቅ ይልቅ ሥራውን መቀነስ መረጡ። ከ100 በላይ ተግባራት ወጡ ወይም ለሌላ ጊዜ ተላለፉ። ከወጡት አንዱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚከፈል ክፍያ ነው፣ እኛ ውዝፍ የምንለው። በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ ሊደረግ የነበረው ሙከራም ተሰረዘ። ከዚህ ጎን ለጎን በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩ ወደ 1,200 የሚጠጉ የደመወዝ ሠራተኞች ቦታ ታጥፎ ሥራው ሚራሚቺ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተጠቃለለ፤ እዚያ የነበሩት በቁጥር ከግማሽ በታች ነበሩ፣ አብዛኞቹም አዲስ።

በፌብሩዋሪ 2016 ተከፈተ፣ በኤፕሪል የቀሩት ገቡ። በጠቅላላው 290,000 ገደማ ሠራተኛ። ከዚያ ጀምሮ ለዓመታት አንዱ ደመወዙ ቀረ፣ አንዱ ጎደለበት፣ አንዱ ያልሠራበት ተከፍሎት በኋላ መልስ ተባለ። ቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው ነበር። ለማስተካከል የወጣው ከ2 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ነው። ዋና ኦዲተሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ለመረዳት የሚያዳግት ውድቀት ብለውታል።

እኔ ይሄን ሳየው ከሁሉም በላይ የሚያመኝ የ119 ሚሊዮኑ ልዩነት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሱት። ለመቆጠብ የተፈለገው እሱ ነው። እና የአሮጌውን ሲስተም ቋንቋ የሚያውቁት ሰዎች፣ የዚያ ሀገር እትዬዎች፣ አዲሱ ሳይቆም ተሸኙ። ሀብታም ሀገር ነው፣ ሕግ አለ፣ ኦዲተር አለ፣ ስመ ጥር ኩባንያ ነው የተቀጠረው። ግን ግዥው ሲታሰብ ሶፍትዌር እንደሚገዛ ነው የታሰበው፤ የሰው ደመወዝ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት እንደሚጓጓዝ አልታሰበም።

ወደኛ ልመለስ። ያን ጨረታ ያሸነፍነው በዋጋ ነው። ቴክኒካሉን አራት ድርጅቶች አለፍን፣ ፋይናንሺያሉ ተከፈተ፣ እኛ ዝቅተኛ ሆንን። በኋላ እንደሰማሁት ከአራቱ አንዱ ለዳታ ማዛወሩ ብቻ የራሱ ዋጋ አስቀምጦ ነበር፣ ከሲስተሙ ዋጋ ግማሽ ያህል። በዚህ ምክንያት ውድ ሆኖ ወደቀ። ያ ሰው ትክክል ነበር። ሥራውን የገመተው እሱ ብቻ ነው፣ እኛ የገመትነው ያቺን መስመር ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ውሉ ቁርጥ ዋጋ ስለሆነ ሰባቱን ወር ከኪሳችን ሠራን፣ ደመወዝ ዘገየ፣ ሁለት ልጆች ለቀቁ። መሥሪያ ቤቱም አልተጠቀመም፣ አንድ ዓመት ሙሉ በሁለት ሲስተም ሠራ። ጨረታው ሕጉን ተከትሎ ነው የሄደው፣ አንድም ሰው ያጠፋው ነገር የለም። ሰነዱ የጠየቀውን ገዛ።

እና ለጓደኛዬ ያልኩት ይሄንን ነው። ትልቁን ጨረታ ከማውጣትህ በፊት ትንሽ ግዥ አውጣ። ሁለት ወር የሚፈጅ፣ ሥራው ዳታውን ማየት ብቻ የሆነ። ስንት ሠንጠረዥ አለ፣ በስንት ፎንት ተጽፏል፣ የቀን ኮለሙ ውስጥ ያለው የማን ቀን ነው፣ ስንት ሰው ሁለቴ ተመዝግቧል፣ ትርጉሙ ያልታወቀ ኮድ የትኛው ነው፣ የሚያውቀው ሰው ማነው። የሚወጣው ሪፖርት የትልቁ ጨረታ ሰነድ አካል ይሁን፣ ተጫራች ሁሉ አይቶት ዋጋ ይስጥ። ያኔ ሁሉም የሚወዳደሩት በአንድ ሥራ ላይ ነው። አሁን ግን አንዱ ግንብ፣ አንዱ ድንኳን እየገመተ ዋጋቸው ጎን ለጎን ይነጻጸራል።

ዳታው የሰው ነው፣ እንዴት ለተጫራች ይታያል የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሕግም አለበት። ግን ስሙን ማንነት በማይታወቅበት መልኩ አዘበራርቆ፣ ስህተቱን ግን እንዳለ ትቶ ናሙና መስጠት ይቻላል። ማንም አበበን ማወቅ አያስፈልገውም፤ አበበ በስንት ዓይነት እንደተጻፈ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው፣ አንድ ትልቅ ጨረታ አይሁን። ካሊፎርኒያ በ2015 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ደህንነት መዝገቧን፣ ማለትም በደል የደረሰባቸውን ልጆች ጉዳይ የሚከታተለውን ሲስተም፣ ለመቀየር 1,500 ገጽ የሚሆን የጨረታ ሰነድ አዘጋጅታ ልታወጣው ጫፍ ላይ ነበረች። አንድ ኩባንያ ሁሉንም ይሠራል፣ ከዓመታት በኋላ ያስረክባል የሚል። 18ኤፍ የሚባል የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የቴክኖሎጂ ቡድንና ኮድ ፎር አሜሪካ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ገብተው አስቆሙት። ሥራው ተቆራረሰ፣ ለየብቻ ጨረታ ወጣ። ተጫራቾችም ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ናሙና፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ሠርተው እንዲያሳዩ ተጠየቁ። ከዚያ በኋላም መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነም፣ ዕቅዱ ተቀይሯል፣ ጊዜውም በጣም ተራዝሟል። 18ኤፍም ራሱ በማርች 2025 ተዘግቷል። ቢሆንም ያ ሐሳብ ለኔ ትክክል ነው። ትንሽ ግዛ፣ ሲሠራ እይ፣ ቀጥሎ ያለውን ግዛ። ተቋራጩ ባይሆንልህ የምትሰናበተው ከአንድ ቁራጭ ጋር ነው።

እኛ ጋ ይሄን የሚያስቸግረው በጀት ዓመቱ ነው፣ ይገባኛል። ሰኔ 30 ሲመጣ ያልተሠራበት ብር ይመለሳል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ሁሉም ሰው ይሯሯጣል፣ ሲስተም የሚገዛው ከወንበርና ከፕሪንተር ጋር በአንድ ትንፋሽ ነው። ወንበር ይሁን፣ ሰኔ 25 ቢመጣ ይቀመጡበታል። የ20 ዓመት መዝገብ ግን ሰኔ 25 ላይ ተረክበናል ተብሎ የሚፈረምበት ነገር አይደለም። የዳታ ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ በአንድ በጀት ዓመት ውስጥ ያልቃል፣ እሱም አንድ ጥቅሙ ነው። ኮሚቴው ፊት ስትቀርቡ ይሄን ንገሯቸው፣ ይሰማሉ።

ርክክቡ ላይም አንድ ነገር አለኝ። ክፍያው ሲስተሙ ተጫነ በሚል አይሁን። ሁለቱ ሲስተሞች ጎን ለጎን ቢያንስ ሁለት የደመወዝ ወር ይሂዱ፣ ውጤታቸው ይመሳከር፣ ልዩነቱ አንድ በአንድ ምክንያቱ ይጻፍ፣ ከዚያ ይከፈል። ይሄ ጊዜ ደግሞ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ የራሱ ረድፍ ይኑረው። ተጫራቹ በነፃ እንዲሠራው ከተተወ አይሠራውም፣ እኔ ተጫራች ሆኜ ነው የምነግራችሁ።

እና ዳታው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት መሆኑን ጻፉ። ስትለያዩ በምን መልክ፣ በስንት ቀን፣ ከነሙሉ ማብራሪያው እንደሚያስረክባችሁ ጻፉ። ኮዱንም እንደዚያው። ዛሬ የምትገዙት አዲስ ሲስተም ከ15 ዓመት በኋላ አሮጌ ነው፣ ያኔ ሌላ ልጅ መጥቶ 3 ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተው ሞሲፕ በሚባል ኮዱ ክፍት በሆነ ሥራ ላይ ነው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ በአንድ ሻጭ እጅ አንወድቅም ማለት ነው። ፋይዳ ሌላም ነገር ያቀልልናል። ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተመዝግቧል፣ ቁጥሩ ደግሞ አንድ ነው፣ ስለዚህ ከአሁን በኋላ የሚመዘገበው ወልደ ሥላሴ በስንት ዓይነት ቢጻፍ አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል። ያለፈውን 20 ዓመት ግን ፋይዳ አያጸዳውም፣ ያንን ሰው ቁጭ ብሎ ማመሳከር አለበት። መሶብ በሚባለው የመንግሥት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ላይ ወረፋ ጠብቆ መስኮት ፊት የሚቆመው ሰው የሚያየው አዲሱን ስክሪን ነው፣ መልሱ የሚመጣው ግን ከአሮጌው መዝገብ ነው።

እትዬ ጡረታ ወጥተዋል። ደብዳቤያቸውን ያዘጋጀው አዲሱ ሲስተም ነው፣ ቀኑም ትክክል ነበር፤ ከመታተሙ በፊት ሦስት ጊዜ አይተነዋል።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ መልሶ ደወለልኝ። ኮሚቴው ትልቁን ጨረታ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት አዙሮታል፣ ዘንድሮ የሚወጣው የዳታ ጥናቱ ብቻ ነው። ደስ ብሎታል፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ አለ። «የመዝገብ ቤታችን ጋሼ አንድ ደብተር ይዘው መጡ። ከ1989 ጀምሮ የኮዶቹን ትርጉም በእጃቸው የጻፉበት ነው። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ምን ላድርገው?»

ዛሬውኑ ስካን አድርገው አልኩት። ኮፒውን ከጨረታ ሰነዱ ጋር አያይዘው፣ ኦርጅናሉን ቆልፍበት። ጋሼን ደግሞ ኮሚቴው ውስጥ አስገባቸው፣ በደብዳቤ፣ ከነአበላቸው።